ሲሼልስ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ከወረቀቱ እስከ ጀልባው

"ሲሼልስ ለመሄድ ምን ምን ያስፈልጋል?" የሚል መልእክት የማይደርሰኝ ሳምንት የለም። አንዳንዱ ለጫጉላ ሽርሽር ነው። አንዳንዱ ዱባይ ወይም ዶሃ እየሠራ ለእረፍቱ ቦታ ፈልጎ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት። አንዱ ሳያልቅ ለሌላው ከከፈላችሁ ገንዘባችሁ ውሃ ሊበላው ይችላል።

ለማያውቅ፣ ሲሼልስ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች አገር ናት። ደሴቶቹ ከመቶ ይበልጣሉ፤ ጎብኚ የሚያዘወትረው ግን ሦስቱን ነው። ትልቁ ማሄ ነው፤ ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያና ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ እዚያ ናቸው። ፕራሊን ከማሄ በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይርቃል። ላ ዲግ ደግሞ ከፕራሊን በጀልባ 15 ደቂቃ ያህል ነው።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት

- ፓስፖርት (ከ6 ወር በላይ የቀረው ቢሆን ይሻላል፤ ቲኬት ቆራጩም ሆነ መሸጋገሪያ አገሩ ሊጠይቅ ይችላል)
- የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ
- የደርሶ መልስ ቲኬት
- ለእያንዳንዱ ሌሊት የማረፊያ ማረጋገጫ
- ገንዘብ እንዳላችሁ የሚያሳይ ማስረጃ፣ ለአንድ ሰው በቀን 150 ዶላር ታስቦ
- ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ፣ እና ጥቂት ዩሮ ወይም ዶላር በጥሬው
- የጉዞ ኢንሹራንስ
- ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የሶኬት አዳፕተር (የእኛ ክብ እግር እዚያ አይገባም)
- ሰንስክሪን፣ ባርኔጣ፣ ውሃ ውስጥ የሚለበስ እጅጌው ረጅም ቲሸርት
- ለድንጋያማ ባሕር የሚሆን የጎማ ጫማ
- የትንኝ መከላከያ ቅባት
- የእጅ ባትሪ፣ የውሃ መያዣ፣ የጨርቅ ዘንቢል
- ጀልባ የሚያጥወለውለው ሰው ካለ የማቅለሽለሽ መድኃኒት

1. ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ነፋሱን እዩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ የጉዞውን ደስታ የሚወስነውም ይሄው ነው። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፣ ከ24 እስከ 31 ዲግሪ አካባቢ። የሚለዋወጠው ነፋሱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ባሕሩ ግን ይናወጣል፤ በደቡብና በምሥራቅ በኩል ያሉ ዳርቻዎች ላይ የባሕር ሣር ይከመራል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደግሞ ነፋሱ ተገልብጦ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣና ዝናብ ይዞ ይገባል። በሁለቱ መሃል፣ ሚያዝያና ጥቅምት ላይ፣ ባሕሩ ጸጥ ይላል፣ ውሃውም ይጠራል። የምጽፋቸው ወሮች በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ላይ ሙሽሮች ልብ በሉ። የእኛ የሰርግ ወር ጥር ነው፤ እዚያ ደግሞ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው በዚሁ ጊዜ ነው። አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ወርዶ ያባራል፣ አንዳንዴ ግን ቀናትን ይይዛል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የምትጋቡ ከሆነ ግን ጊዜው ከባሕሩ ጋር ገጥሞላችኋል። በጥር የምትሄዱ ደግሞ ማረፊያችሁን ነፋሱ በማያገኘው በኩል ያዙ፣ ለምሳሌ ማሄ ላይ አንስ ሮያል አካባቢ። በክረምት የምትሄዱ በተቃራኒው እዚያው ማሄ ላይ ያለውን ቦ ቫሎንን ምረጡ፤ ያኔ እዚያ ጸጥ ይላል። (አንስ በፈረንሳይኛ ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ያለበት ዳርቻ ማለት ነው፣ ብዙዎቹ የዳርቻ ስሞች ይህ ቃል ስላለባቸው ግራ አትጋቡ።)

2. ክትባቱን ከ10 ቀን በፊት ጨርሱ

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት አለባቸው ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከእኛ አገር ለሚነሳ ሰው ካርዱ ይጠየቃል። ክትባቱ ሕጋዊ የሚሆነው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ የበረራው ዋዜማ ላይ መከተብ ለዚህ ነው የማይሠራው። አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ስለዚህ የድሮውን ካርድ ከመሳቢያ ፈልጉት። ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በላይ የሆኑ ልጆችም ይመለከታቸዋል።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥታችሁ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቃችሁ የምትቀጥሉም ከዚህ አታመልጡም። አዲስ አበባ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆያችሁ የሌላ አገር ፓስፖርት መያዛችሁ ለውጥ አያመጣም። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም በሽታ የመከላከል አቅም የሚቀንስ ሕመም ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

3. ቲኬትና ማረፊያ

ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበራል። ከዱባይ፣ ከዶሃና ከአቡ ዳቢም ቀጥታ በረራ አለ። ዓረብ አገር የምትሠሩ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የመመለሻ ፈቃዳችሁንና የመኖሪያ ወረቀታችሁን ቀን አረጋግጡ። ሲሼልስ መግባቱ ይሳካና መመለሱ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ማረፊያ ላይ "ሲሼልስ የሀብታም አገር ነው" የሚባለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ውድ ሪዞርት ሞልቷል፣ ግን ወጥ ቤት ያላቸው የቤተሰብ ገስት ሃውሶችም በሦስቱም ደሴቶች አሉ፣ ወጪውን የሚያቀልለውም እሱ ነው። ፈቃድ ያለው ማረፊያ መሆኑን አረጋግጡ፣ አድራሻውን ቁጥር 4 ላይ በምነግራችሁ የጉዞ ፈቃድ ላይ ትሞሉታላችሁና። እስከተቻለ ድረስ ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ያዙ። ድንኳን ይዞ መሄድ የሚባል ነገር የለም፣ በድንኳን ማደር ክልክል ነው።

ሌላ የማይነገር ወጪ አለ። በፈረንጅ ከ2023 ጀምሮ ጎብኚ ለአካባቢ ጥበቃ በየሌሊቱ ክፍያ ይከፍላል፤ እንደ ማረፊያው መጠን በሰው ከ25 እስከ 100 ሩፒ። ብዙ ጊዜ የምትከፍሉት እዚያው ማረፊያው ላይ ስለሆነ "ሁሉንም ከፍያለሁ" ብላችሁ እንዳትከራከሩ።

4. የጉዞ ፈቃዱን ሙሉ

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አስቀድሞ አይጠየቅም። ይህ ማለት ግን ተነስቶ መሄድ ማለት አይደለም። ከበረራው በፊት በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ የድንበር ሥርዓት ላይ የጉዞ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ፣ የራሳችሁን ፎቶ፣ የበረራ ቁጥርና የማረፊያ ማረጋገጫ ታስገባላችሁ፣ ከዚያ በካርድ ትከፍላላችሁ። መደበኛው ክፍያ 10 ዩሮ አካባቢ ነው፤ አስቸኳይ ካላችሁ ይጨምራል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ነው፣ ለሕፃንም ጭምር።

ፈቃዱ ሳይኖር አየር መንገዱ ራሱ አያሳፍራችሁም፣ ስለዚህ ችግሩ የሚገጥማችሁ ገና ቦሌ ላይ ነው። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ፤ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተል የእኛን ሰው ብዙ ጊዜ ያደናግረዋል፣ ቲኬቱና ፈቃዱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ፈቃዱ ሲመጣ ስልካችሁ ላይ ስክሪንሾት አስቀምጡ፣ በወረቀትም አትሙት።

ማስጠንቀቂያ፦ የመንግሥትን ገጽ የሚመስሉ ደላላ ገጾች አሉ። ያንኑ ፎርም ሞልተው ብዙ እጥፍ ያስከፍላሉ። ዋጋው ከተነገራችሁ በጣም ከራቀ ዝጉትና ውጡ።

5. ደሴቶቹን በትክክለኛው ተራ አስቀምጡ

የመጨረሻው ሌሊት ማሄ ይሁን። ይህን አጥብቄ የምለው ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባ ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ስለሚችል ነው፤ ላ ዲግ ላይ ቀርታችሁ በረራው ከሄደ አዲስ ቲኬት ልትገዙ ነው። ሰባት ሌሊት ካላችሁ፣ ላ ዲግ ሁለት፣ ፕራሊን ሁለት፣ ማሄ ሦስት አድርጉት። ቀን ላይ ካረፋችሁ በቀጥታ ወደ ወደብ መሄድ ትችላላችሁ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ቪክቶሪያ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምሽታችሁ ከደረሳችሁ ግን ማሄ እደሩና ጠዋት ተነሱ።

ከማሄ ፕራሊን የሚወስደውን የካት ኮኮስ ጀልባ ቲኬት አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ፤ በበዓልና በእረፍት ሰሞን ይሞላል። በነፋሱ ወራት ጀልባው በደንብ ይወዛወዛል። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ውሰዱ፣ ማስመለስ ከጀመራችሁ በኋላ ብዙም አይረዳም። ወደ ኋላ፣ ታችኛው ክፍል ተቀመጡ፤ እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል። ባሕር በጣም የሚያስፈራው ሰው ካለ ትንሽ አውሮፕላን ፕራሊን ድረስ በ15 ደቂቃ ያደርሳል፣ ዋጋው ግን ከጀልባው ይበልጣል፣ የሻንጣ ኪሎውም ጠባብ ነው።

6. ሻንጣ ውስጥ የማይገባውን አውጡ

እማማ ያዘጋጁት ስንቅ እዚህ ላይ ይፈተሻል። ደሴት ስለሆነ ከውጭ የሚገባ ተባይና በሽታ አብዝተው ይፈራሉ። ቋንጣ፣ ቅቤ፣ ማር፣ ጥሬ ቡና፣ ጤናዳም፣ ፍራፍሬና ማንኛውም የሚበቅል ዘር ያለ ፈቃድ ይወሰድባችኋል። የተቆላና የተፈጨ ቡና፣ የታሸገ በርበሬ ወይም ሽሮ ብትይዙም መግቢያ ፎርሙ ላይ አስታውቁ። አስታውቃችሁ ቢወሰድባችሁ የምታጡት ምግቡን ብቻ ነው፤ ደብቃችሁ ከተገኘ ግን ቅጣት አለ። ድሮን ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል። አደንዛዥ ዕፅ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው፣ የሰው ዕቃ "አድርስልኝ" ብሎ የሚሰጣችሁን አትቀበሉ።

7. ስትደርሱ

ኢሚግሬሽን ላይ የመመለሻ ቲኬት፣ ማረፊያና ገንዘብ ሊጠይቁ ይችላሉ። በእጅ ቦርሳ ይሁን። እዚያ የሚሰጣችሁ የመግቢያ ፈቃድ እስከ ሦስት ወር ሊሆን ይችላል፣ ግን የሚሞሉት የመመለሻ ቀናችሁን አይተው ነው።

ገንዘቡ የሲሼልስ ሩፒ ነው። ባንክ ወይም ፈቃድ ያለው መመንዘሪያ ብቻ ተጠቀሙ፣ መንገድ ላይ አትመንዝሩ። ትንሽ ሩፒ ኪሳችሁ ይኑር፣ ለአውቶቡስና ለትንንሽ ሱቆች። ሲም ካርድ በፓስፖርት ይገዛል፤ ኤርቴልና ኬብል ኤንድ ዋየርለስ አሉ።

ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፣ አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። የጀልባ ቲኬት ላይ 7:30 የሚል ካያችሁ የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ያውም በእነሱ ሰዓት፤ አዲስ አበባ ያኔ ገና አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ስልካችሁ ራሱ እስኪያስተካክል ጠብቁና ማንቂያውን በእሱ ሙሉት። ጀልባ አምልጦት የሚቀረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

8. መንቀሳቀስ

ማሄና ፕራሊን ላይ የመንግሥት አውቶቡስ አለ፣ ከታክሲ ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ርካሽ ነው። ስትገቡ "ቦንዙር" በሉ። መውረጃችሁ ሲደርስ ጮክ ብላችሁ "ዴቫን!" ትላላችሁ፣ ልክ እኛ "ወራጅ አለ!" እንደምንለው። ዝም ካላችሁ ያልፋችኋል። ትልቅ ሻንጣ አያስገቡም፣ ስለዚህ ከአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ያዙ፤ ዋጋውን ሳትገቡ ተስማሙ። ምሽት ላይ አውቶቡሱ ቶሎ ይቆማል፣ እሑድም ይሳሳል።

መኪና ከተከራያችሁ የሚነዳው በግራ በኩል ነው። ማሄ ተራራማ ናት፣ መንገዱ ጠባብና ጠምዛዛ ነው፤ ብዙ ቦታ ጠርዙ ላይ መከለያ የለም፣ ጥልቅ የውሃ ቦይ እንጂ። ሌላ መኪና ሲመጣ ወደ ዳር መሸሽ የለመደ ሰው ጎማውን ቦዩ ውስጥ ይከታል። ቀስ በሉ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ አሳልፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ በግራ የምትነዱ ከሆነ ምሽት ላይ አትጀምሩ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ብትይዙ ከአከራዩ ጋር ክርክር የለም።

ላ ዲግ ላይ መኪና ጥቂት ነው፣ ሁሉም በብስክሌት ነው የሚሄደው። ከመከራየታችሁ በፊት ፍሬኑን ጨብጡት፣ ኮርቻውን በቁመታችሁ አስተካክሉ። ብዙዎቹ መብራት የላቸውም፤ ጀንበሯ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቅና ወዲያው ድቅድቅ ይላል። የእጅ ባትሪውን ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

9. ምግብ

ምግብ ቤት ሦስቴ ከበላችሁ በጀቱ ያልቃል። ምሳ ላይ ቴክአዌይ የሚሉትን ፈልጉ፤ ሩዝ፣ የአሣ ወጥ፣ ምስርና ሰላጣ በአንድ ዕቃ ያወጡላችኋል፣ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። ለእራት ራሳችሁ አብስሉ። አሣ አጥማጆች መንገድ ዳር ይሸጣሉ። ማክሮ የሚባለውን ትንሽ አሣ በአንድ ማሠሪያ ደርድረው ሸጉጠው "ፓኬ" ይሉታል። ዓይኑ የጠራ፣ ጉንጩን ስትገልጡት ውስጡ ቀይ የሆነውን ምረጡ። ቪክቶሪያ ገበያ ቅዳሜ ጠዋት ይደምቃል፣ እሑድ ዝግ ነው። አስቤዛ ቪክቶሪያ ባለው የኤስቲሲ ሃይፐርማርኬት ይረክሳል፣ ወደ ትንንሾቹ ደሴቶች ሳትሻገሩ ግዙ።

ለጿሚዎች ጥሩ ነው። ምስሩም፣ ዱባውም፣ የዳቦ ፍሬ የሚባለውም አለ። ላዶብ የሚሉት ሙዝ ወይም ስኳር ድንች የሚበስለው በኮኮናት ወተት ነው። ቅቤ ወይም የከብት ወተት አለበት ወይ ብላችሁ ግን ጠይቁ።

10. ባሕር ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት

እዚህ ላይ በጣም አደራ። አብዛኞቻችን ደጋ ያደግን ነን፣ ዋና የምንችልም የተማርነው ገንዳ ውስጥ ነው። የሲሼልስ ባሕር ፎቶው ላይ ገንዳ ይመስላል፤ ሁሉም ቦታ ግን እንደዚያ አይደለም።

መዋኘት ለማይችል ሰው የሚሆኑት ከፊታቸው ኮራል (ድንጋይ የሚመስል ሕይወት ያለው የባሕር ፍጥረት) ያላቸውና ጥልቀታቸው ትንሽ የሆኑት ናቸው። ላ ዲግ ላይ አንስ ሱርስ ዳርዣን፣ ፕራሊን ላይ ኮት ዶር፣ ማሄ ላይ አንስ ሮያል። ላ ዲግ ላይ ግራንድ አንስና ፔቲት አንስ፣ ማሄ ላይ አንስ ኢንተንዳንስ ግን ወደ ውስጥ የሚጎትት ጠንካራ ውሃ አላቸው፣ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ወቅት። እነዚያን አሸዋው ላይ ሆናችሁ እዩአቸው። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ካለ እግራችሁንም አታስገቡ፣ ሌላ ሰው ገብቶ ብታዩ እንኳ።

ውሃው ከጎተታችሁ ወደ ዳር ፊት ለፊት አትታገሉ፤ የሚገድለው ድካሙ ነው። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንስታችሁ ጩኹ፣ መዋኘት ከቻላችሁ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ዋኙ። የሚጎትተው መስመር ጠባብ ስለሆነ ወደ ጎን ሲወጡ ይለቃል። ጀልባ ጉብኝት ስትሄዱ ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ አትነሱ።

አንስ ሱርስ ዳርዣን የሚገባው ሉኒዮን እስቴት በሚባለው ቦታ በኩል ነው፣ መግቢያ ይከፈላል። ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ከማረፊያችሁ ጠይቁ። ሲሞላ አሸዋው ይጠፋል፣ በድንጋዮቹ መሃል ስልክና ቦርሳ ራሳችሁ ላይ አድርጋችሁ መሻገር ይመጣል። ሲጎድል ከሄዳችሁ ፎቶውም መቀመጫውም ይገኛል።

ተጠንቀቁ

- "ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም" የሚባለውን እርሱት። ከምድር ወገብ 4 ዲግሪ ብቻ ነው የሚርቀው፣ ውሃው ደግሞ ጨረሩን መልሶ ያንጸባርቃል። ጀርባችሁ የሚቃጠለው ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አሣ ስታዩ ነው፤ ቲሸርቱ ለዚያ ነው።
- ወባ የለም፤ ዴንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ግን በሌላ ዓይነት ትንኝ ይተላለፋል፣ ትንኟም የምትነክሰው ቀን ነው። ቅባቱን ጠዋትም ተቀቡ። ትኩሳት ከያዛችሁ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።
- ኮራል ላይ አትቁሙ። ይቆርጣል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም፣ ኮራሉም ይሞታል።
- የኮኮናት ዛፍ ሥር አትተኙ፣ መኪናም አታቁሙ።
- ዛጎል፣ ኮራል፣ የኤሊ ቅርፊት ይዞ መውጣት ያስቀጣል። ኮኮ ደ ሜር የሚባለውን ትልቅ ፍሬ ከገዛችሁ ሕጋዊ ምልክቱና የመውጫ ወረቀቱ ከነፍሬው ይሰጣችሁ፣ ካልሆነ አውሮፕላን ማረፊያ ይቀራል። ዛፉን በተፈጥሮ ቦታው ማየት ለሚፈልግ ፕራሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ ጫካ አለ፤ ጠዋት ሂዱ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ።
- ቦርሳችሁን አሸዋ ላይ ትታችሁ ሁላችሁም አትግቡ። አንድ ሰው ዕቃ ይጠብቅ።
- አደጋ ከገጠመ 999 ይደወላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

- ፈቃድ ሳይጠይቁ የማይመለስ ሆቴል መክፈል።
- ሦስቱን ደሴቶች በአራት ቀን ለመጨረስ መሞከር። ግማሹ ጊዜ ወደብ ላይ ይጠፋል፤ አራት ቀን ካላችሁ ማሄና አንድ ሌላ ይበቃል።
- የፕላስቲክ ከረጢትና የአንድ ጊዜ የፕላስቲክ ዕቃ ይገኛል ብሎ ማሰብ። በፈረንጅ ከ2017 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ዘንቢሉን ያዙ።
- እሑድ ጠዋት ደርሶ አስቤዛ መፈለግ። አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፣ ቅዳሜም ከሰዓት በኋላ ይዘጋጋል። እሑድ የምትገቡ ከሆነ ለመጀመሪያው እራት የሚሆን ነገር እንዲያቆይላችሁ ለማረፊያው ባለቤት አስቀድማችሁ ጻፉለት።
- በዋና ልብስ ቪክቶሪያ ከተማ መግባት። ሰው ደስ አይለውም፤ ላዩ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጉ።
- የተረፈውን ሩፒ ይዞ መመለስ። አዲስ አበባ የሚመነዝርላችሁ ስለማታገኙ የመጨረሻው ቀን ላይ ወደ ሩፒ ትንሽ በትንሽ ብቻ መንዝሩ፣ የተረፈውንም አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከመፈተሻችሁ በፊት ወደ ዶላር ወይም ዩሮ መልሱት። የመጀመሪያውን የባንክ ደረሰኝ አትጣሉ፣ ስትመልሱ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።